ቡና የምታፈላውን ማን ያመሰግናታል?

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባሉት የቡና ቀበሌዎች ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ቤተሰብ የሚፈተንበት ነው። ቡናው ቀልቷል፤ ቀይ እሸቱ በጊዜው ካልተለቀመ ዛፉ ላይ ይደርቃል ወይም ይረግፋል። እናት ጎሕ ሲቀድ ቅርጫቷን ይዛ ወደ ማሳ ትወርዳለች። አባት ኬሻ ተሸክሞ ወደ መረከቢያው ይሄዳል። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወይ ታናሹን ይይዛል ወይ ለቀማ ያግዛል። ማታ ሁሉም ደክሞ ይገባል፤ ሥራው ግን ለሁሉም እኩል አያልቅም። የቡናው ሙጫ ከጣቷ ገና ያልለቀቀ ሴት እሳት አያይዛ፣ ወጥ ሠርታ፣ ቡና አፍልታ፣ ሲኒውን አጥባ ጎኗን የምታሳርፈው ሌላው ሰው ከተኛ በኋላ ነው። የዓመቱ ዋና ገንዘብ ወደ ቤት የሚገባውም፣ በዚያ ገንዘብ ምክንያት ባልና ሚስት የሚኳረፉትም በእነዚሁ ወራት ነው።

ቤት እንዲህ ባለ ጊዜ እርስ በርሱ እንዲደጋገፍ ሦስት ነገሮች ይረዱታል። አንዱ የሌላውን ሁኔታ ሳይነገረው ልብ ማለት፣ ማድረግ የፈለጉትን አስቀድሞ መወሰን፣ የተደረገን ነገር ማመስገን። ሦስቱም ለአገራችን ሰው አዲስ አይደሉም። የምናጎድለው ግን አለ። ልባችን የነገረንን ጠይቀን አናረጋግጥም፤ ያሰብነውን መቼና የት እንደምንፈጽመው አንቆርጥም፤ ምስጋናችንንም ለፈጣሪና ለእንግዳ ሰጥተን አጠገባችን የደከመውን ሰው እንረሳዋለን። እንደ እኔ እምነት ከሦስቱ የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ቤት ያቀዘቅዛል።

ልብ ማለት ከየት እንደሚመጣ ለማየት ቡና የምትቆላን ሴት መመልከት ይበቃል። ሰዓት አታይም። ምጣዱ ላይ ፍሬው ቢጫ ሆኖ፣ ቡናማ ሆኖ፣ መንጣጣት ሲጀምር በድምፁ ታውቀዋለች፤ ወዙ ብቅ ሲል በሽታው ትለየዋለች፤ ከእሳቱ የምታወርድበትን ቅጽበት ንገሪኝ ቢሏት ግን ልታስረዳ ትቸገር ይሆናል። ይህ እውቀት የመጣው ከመደጋገም ነው። በየቀኑ ትቆላለች፤ ቢያርባት ወይም ጥሬ ቢሆንባት ወዲያው ስትቀምሰው ታውቀዋለች፤ በማግስቱ ታርመዋለች።

የሰው አእምሮ ተመራማሪዎችም የደረሱበት ከዚህ የራቀ አይደለም። ጋሪ ክላይን የእሳት አደጋ ተከላካይ አለቆች በሚነድ ቤት ውስጥ እንዴት በቅጽበት እንደሚወስኑ ለዓመታት አጥንቷል። ዳንኤል ካነማን ደግሞ ሰው በስሜቱ ሲወስን ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት በማሳየት የታወቀ ነበር። ሁለቱ እ.አ.አ. በ2009 አብረው ባወጡት ጽሑፍ የልብ ግምት የሚታመነው ሁለት ነገር ሲሟላ እንደሆነ ተስማሙ፦ ነገሩ የራሱ የሆነ ሥርዓት ሲኖረው፣ ሰውየውም ልክ መሆን አለመሆኑን በየጊዜው እያየ የተማረ እንደሆነ።

ቤት ውስጥ የምንሳሳተው ሁለተኛው ነገር ስለሚጎድል ነው። ባል ሚስቱ ዝም ስትል «ተቆጥታለች» ብሎ ይደመድማል፤ እሱም ዝም ይላል። እሷ የወገብ ሕመሟን ይዛ ነው ዝም ያለችው። ግምቱ ትክክል ይሁን አይሁን ሳይጣራ ሁለት ቀን ያልፋል፤ በሦስተኛው ቀን እውነተኛ ኩርፊያ ይሆናል። መድኃኒቱ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ዛሬ ፊትሽ ጠቁሮብኛል፤ ደክሞሽ ነው ወይስ ያስቀየምኩሽ ነገር አለ?» ይህን በየጊዜው የሚጠይቅ ሰው ከዓመታት በኋላ የሚስቱን ፊት በእውነት ማንበብ ይችላል፤ ሳይጠይቅ የሚገምት ሰው ግን ሃያ ዓመት አብሯት ቢኖርም የራሱን ፍርሃት ነው የሚያነበው። በተለይ ጩኸት በበዛበት ቤት ያደገ ሰው በር በኃይል ሲዘጋ ልቡ የሚመታው ለዛሬው በር ላይሆን ይችላል። ይህን ለራሱ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

የልጅ ነገር ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ሜሪ ኤይንስወርዝ የተባለችው ተመራማሪ እ.አ.አ. በ1954 እና በ1955 በጎረቤታችን ኡጋንዳ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው እየሄደች ተከታትላ ነበር። ስለ ልጃቸው ዝርዝሩን የሚያውቁ፣ በምን እንደሚያለቅስና በምን እንደሚጽናና ጠንቅቀው የሚናገሩ እናቶች ልጆች የበለጠ የተረጋጉ ሆነው አገኘቻቸው። የአገራችን እናት «ልጄ ዛሬ ልክ አይደለም» ስትል ከዚህ ዓይነቱ እውቀት ተነሥታ ነው፤ ንቆ ማለፍ አይገባም። ወባ በሚያሰጋባቸው ቆላማ ቀበሌዎች፣ ለምሳሌ በበበቃ ቡና ተክል አካባቢ፣ ልጅ ሲያተኩሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርምሮ ሕክምና ማግኘት አለበት። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ ያንቀጠቀጠው ወይም ፈዞ መንቃት ያቃተው ሕፃን ደግሞ ነገ አይባልለትም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴት ባለሙያዎችን በየቀበሌው ስላስቀመጠ እንዲህ ያለውን የእናት ጥርጣሬ ሰምቶ የሚመረምር ሰው ቅርብ ነው። እናት ጠረጠረች፤ ባለሙያ አጣራ። ልብ የሚነግረን ነገር ቦታው እንዲህ ነው፤ ምርመራን ያስጀምራል እንጂ አይተካም።

ወደ ማሰብና መወሰን ስንመጣ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልቪትዘር ያሳየው ነገር አለ። «ከእንግዲህ ጥሩ አባት እሆናለሁ» የሚል ሰውና «ከገበያ እንደገባሁ እጄን ታጥቤ ሕፃኗን ከእናቷ ላይ እቀበላለሁ» የሚል ሰው በሐሳብ አንድ ናቸው። ሁለተኛው ግን ሐሳቡን ከጊዜና ከቦታ ጋር አስሮታል፤ ገና ደጁ ሲደርስ ሥራው ራሱ ትዝ ይለዋል። ጎልቪትዘርና ባልደረባው 94 ያህል ሙከራዎችን እ.አ.አ. በ2006 አንድ ላይ ሲገመግሙ እንዲህ አስረው ያቀዱ ሰዎች ያሰቡትን በመፈጸም ከሌሎቹ በግልጽ በልጠው ተገኝተዋል። ለደከመ ሰው ደግሞ ይህ በጣም ይረዳል፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከኬሻ ሥር የወጣ ሰው አዲስ ውሳኔ ለመወሰን አቅም የለውም።

በቡና አገር ከሁሉ በፊት አስቀድሞ መወሰን ያለበት ገንዘቡ ነው። የመጀመሪያው ኪሎ እሸት ከመሸጡ በፊት፣ መስከረም ላይ፣ ባልና ሚስት ደረስ ያሉ ልጆችም ባሉበት ተቀምጠው ይነጋገሩ። ክረምቱን ስንቱን ተበድረን አሳለፍን? የደብተርና የዩኒፎርም ስንት ነው? ቆርቆሮው ዘንድሮ ይቀየራል ወይስ ይከርማል? የእድሩና የእቁቡስ? ምን ያህሉ በእሸቱ ይሸጥ፣ ምን ያህሉ ደርቆ በጀንፈል ይቀመጥ? ጀንፈል ለገበሬ የቤት ባንክ ነው፤ ሐምሌ ላይ ልጅ ሲታመም ወይም እህል ሲያልቅ ከጓዳ ወጥቶ ይሸጣል። ግን የተቀመጠው ጀንፈል ለምን እንደተቀመጠ ሁለቱም ካላወቁ አንዱ በፈለገው ቀን ያወጣዋል። ሴቲቱ ከኮረሪማው፣ ከእርዱ ወይም ከቆጮው ሸጣ የምታገኘው ሳንቲምም በዚሁ ጉባኤ ይታሰብ፤ አብዛኛውን ጊዜ የጨውና የሳሙና ሆኖ ሲያልቅ ማንም አይቆጥረውም።

ይህ ለሚስት የሚደረግ ቸርነት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመናቸው እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ቤተሰብን በመምራት ሁለቱ እኩል መሆናቸውን፣ መከባበርና መረዳዳት እንዳለባቸው ይናገራል። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ። ኬሻውን ሚዛን ላይ ያስቀመጠው ሰው ብሩን በእጁ ስለተቀበለ ብቻ የብሩ ባለቤት አይሆንም፤ ፍሬውን የለቀመው እጅ የሌላ ነውና።

አሁን ወደ ምስጋናው እንምጣ። በእነዚህ የቡና ቀበሌዎች ቀኑ የሚጀምረው በብዙ ቤት በጨሞ ነው፤ የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሚጥሚጣና ከሌላ ቅመም ጋር ተፈልቶ በትኩሱ ይጠጣል። ቅመሙ ተወቅጦ፣ ቅጠሉ ተዘጋጅቶ፣ እሳቱ ተያይዞ ነው ሌላው ሰው የሚነሣው። በሌላ ሰዓት ደግሞ ጀበናው ይጣዳል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሽማግሌው ይመርቃል፤ ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ ሙስሊሙ እንደየእምነቱ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ጎረቤት «ቤታችሁን ይባርክ» ብሎ ይወጣል። ከረከቦቱ ኋላ የተቀመጠችውን ሴት ግን «ቡናሽ ይጥማል» ብሎ ከማለፍ በቀር ድካሟን ጠቅሶ የሚያመሰግናት ብዙ አይገኝም፤ ባሏና ልጆቿ ጭራሽ አይሉትም። የቤት ሰውን ማመስገን እንደ ባዕድ ማየት ሆኖ የሚሰማቸው አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ባዕድን ካመሰገንን የቤቱ ሰው የበለጠ ይገባዋል።

ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማክከሎ እ.አ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት አንዳንድ ሰዎች በየሳምንቱ የሚያመሰግኑበትን እስከ አምስት ነገር ለአሥር ሳምንት እንዲጽፉ፣ ሌሎች ደግሞ ያማረራቸውን እንዲጽፉ አደረጉ። ምስጋናውን የጻፉት ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ተሰማቸው። ለቤት ይበልጥ የሚቀርበው ሳራ አልጎና ባልደረቦቿ እ.አ.አ. በ2010 ያሳተሙት ነው። አብረው የሚኖሩ ጥንዶችን በየዕለቱ ጠየቁ፤ አንዱ ሌላው ስላደረገለት ትንሽ ነገር ምስጋና በተሰማው ማግስት ጥንዶቹ የበለጠ ተቀራርበው አገኟቸው። ትልቅ ስጦታ አልነበረም፤ የዕለት ተዕለት ነገር ነው።

ታዲያ እንዴት ይመሰገናል? የተሠራውን ሥራ ለይቶ በመጥራት። የደቡብ ምዕራብ ዝናብ በመኸርም አይታመንም። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከጫካው በላይ ይጠቁራል፤ ግቢ ውስጥ ቡና ተሰጥቷል፤ ቤት ያለችው አንዲት ሴትና የስምንት ዓመት ልጅ ናቸው። ምንጣፉን በአራት ማዕዘን እየጠቀለሉ፣ የፈሰሰውን በእጃቸው እየዛቁ ከመጀመሪያው ጠብታ ቀድመው ያስገቡታል። አባት ማታ ሲመጣ «ቡናው ገብቷል?» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። «ብቻሽን እንዴት ቻልሽው? ባይገባ ሻግቶ ነበር፤ አንተም ጎበዝ፣ እናትህን አገዝክ» ሊልም ይችላል። ሁለተኛውን የሰማ ልጅ በሚቀጥለው ደመና ሳይጠራ ይሮጣል። «ጎበዝ» ብቻ ከተባለ ግን በምኑ እንደጎበዘ አያውቅም።

ምስጋና ያለ ሥራ ሲደጋገም ይቀላል። ሚስቱን ዘወትር አመስግኖ ውኃውን ግን ሁልጊዜ እሷ ከምንጭ እንድትቀዳ የሚተው ሰው ቃሉ ቀስ በቀስ ዋጋ ያጣል። በረካው ሲያልቅ ሲኒውን ወንዱ ልጅ ይጠብ፤ ከሰሉን አባት ያውጣ።

ምስጋና አፍ ማስያዣ ሆኖ ሲያገለግልም አይቻለሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። «ቤት አለሽ፣ ልጅ አለሽ፣ አመስግነሽ ኑሪ» ተብላ ዱላ እንድትችል የምትመከር ሴት አለች። የትዳር ጓደኛን መደብደብ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ወንጀል ነው። እንዲህ ያለው ቤት ልብ በማለትም በምስጋናም አይጠገንም፤ የምታምነው ዘመድ፣ የጤና ባለሙያዋ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ፖሊስ ሊያውቀው ይገባል። ሽማግሌዎችም ሲጠሩ መጀመሪያ ይጠይቁ፦ ለሕይወቷ ያሰጋታል ወይ?

ከቤታቸው ርቀው ለሚሠሩትም ይህ ሁሉ ይሠራል። በለቀማ ወቅት ወደ በበቃና ወደ ቴፒ የቡና ተክሎች ከሌላ አካባቢ የሚመጡ ሠራተኞች ቤታቸውን ለወራት በስልክ ነው የሚያኖሩት። ካርድ ውድ ነውና ንግግሩ «ብሩ ደረሰሽ? ልጆቹስ?» ብሎ ያልቃል። ከዚያ ይልቅ የሚደወልበትን ቀን መቁረጥ፣ ለምሳሌ እሑድ ከሰዓት፣ ያን ቀንም ከገንዘቡ በፊት በሳምንቱ ማን ምን እንደሠራ መስማት፣ ድምፅ ሲቀየር «ምን ሆነሻል?» ብሎ ቆም ማለት ይቻላል። ለቃሚው በጥር መጨረሻ ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ የመጀመሪያዋን ማታ ለሂሳብ አያውላት። እሱ በሌለበት ልጆቹ አድገዋል፣ ሚስቱ ብዙ ነገር ለብቻዋ ወስናለች፣ የቤቱ ልማድ ተቀይሯል፤ ያን ሁሉ እየጠየቀ ይስማ። ሂሳቡ በማግስቱ ይደረስበታል።