ከሠራተኞች ማኅበር ወደ ሚኒስትርነት ወንበር

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። እኔ ግን ሹመት የሚፈትነው ሆድን ብቻ ሳይሆን ለቀድሞ ወገን ያለንንም ታማኝነት ጭምር ነው እላለሁ። ለዚህ ምስክር ይሆነኝ ዘንድ የእንግሊዙን ሹም የሚስተር ኧርነስት ቤቪንን ታሪክ በአጭሩ አቀርባለሁ፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሚስተር ቤቪን በ1881 ዓ.ም. በሶመርሴት አውራጃ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለዱ። ስምንት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው ስለ ሞቱባቸው ትምህርታቸውን በልጅነታቸው ትተው በእርሻ ቦታ ተቀጠሩ፤ በኋላም በብሪስቶል ከተማ ጋሪ ነጂ ሆኑ። በ1922 ዓ.ም. የትራንስፖርትና የጠቅላላ ሠራተኞች ማኅበር ሲቋቋም ዋና ጸሓፊ ሆነው ይመሩት ጀመር። ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት በ1935 ዓ.ም. በብራይተን ከተማ በተደረገው የሌበር ፓርቲ ጉባኤ፣ በወራሪዋ ላይ ማዕቀብ እንዲጣል አጥብቀው ከተከራከሩት አንዱ እርሳቸው ነበሩ።

በግንቦት ወር 1940 ዓ.ም. ሚስተር ቸርችል ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ሚስተር ቤቪንን የሠራተኛና የብሔራዊ አገልግሎት ሚኒስትር አድርገው ሾሙ። በ1926 ዓ.ም. በተደረገው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች በተቃራኒ ወገን ቆመው ነበር። ተሿሚው በዚያን ጊዜ የፓርላማ አባል እንኳ አልነበሩም። ይሁን እንጂ ሠራተኛው በፈቃዱ ካልተነሣ መድፍና አውሮፕላን ሊሠራ ስለማይችል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሠራተኛው የሚያምነውን ሰው ፈለጉ።

ፈተናው ወዲያው መጣ። በሐምሌ 1940 ዓ.ም. አድማን የሚከለክልና ክርክሩን ወደ ግልግል ዳኞች የሚመራ ትእዛዝ በእኒሁ የአድማ መሪ በነበሩ ሰው ወጣ! በ1942 ዓ.ም. በኬንት አውራጃ የቤትስሀንገር ከሰል ቈፋሪዎች ባደሙ ጊዜ ሦስት የማኅበር ሹማምንት ታሰሩ፤ ከሺሕ የሚበልጡ ሠራተኞችም መቀጫ ተፈረደባቸው። ሆኖም ጓደኞቻቸው ወደ ሥራ አንመለስም ስላሉ እስረኞቹ ብዙ ሳይቈዩ ተለቀቁ።

ታዲያ ሚስተር ቤቪን ወገናቸውን ከዱን? እኔ አልከዱም እላለሁ። ምክንያቱም በ1941 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ሠራተኛው ያለ ፈቃድ ሥራውን እንዳይለቅ ሲያስር፣ አሠሪውንም ያለ ፈቃድ እንዳያባርርና የሳምንቱን ደመወዝ እንዳያጓድል አስሮታል። ቀንበሩ በሁለቱም ጫንቃ ላይ ነበረ። የማልቀበለው ግን አንድ ነገር አለ፤ ጦርነቱ በ1945 ዓ.ም. ሲያበቃ የአድማው ክልከላ እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ ሳይሻር ቀረ። ለችግር ቀን የተሰጠ ሥልጣን ከችግሩ ቀን አልፎ ሊኖር አይገባውም።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ነገ ከመካከላችን የሚሾም ቢኖር፣ እንዴት እንደ ተሾመ ብቻ ሳይሆን፣ ለላከው ሕዝብ ምን እንዳስገኘና ምን እንዳስከፈለው ጭምር እንመርምር።