መንጃ ፈቃዱ መጣ፣ ልጁ ሄደ

የኦሊቪያ ሮድሪጎን «ድራይቨርስ ላይሰንስ» ላልሰማችሁ ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው። አንዲት ልጅ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ፈቃዱን ያገኘች ቀን እየነዳች ወደ ፍቅረኛዋ ቤት እንደምትመጣ ሁለቱ ሲያወሩ ከርመዋል። ካርዱ እጇ ሲገባ ልጁ የለም፣ ከሌላ ጋር ሆኗል። እሷም መኪናውን አስነስታ እያለቀሰች ሰፈሩን ትዞራለች። በቃ፣ ከዚህ የሚያልፍ ነገር የለውም።

ዘፈኑ የወጣው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2021 ነው። ኦሊቪያ ያኔ 17 ዓመቷ ነበር። ቀድሞ በዲዝኒ ተከታታይ ድራማ ላይ ትተውን ነበር፣ ለድራማው የጻፈችው ዘፈንም ነበራት። በራሷ ስም ያወጣችው የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ ግን ይሄ ነው። የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ በሆነው ቢልቦርድ ሆት 100 ላይ በቀጥታ 1ኛ ሆኖ ገባና 8 ሳምንት አልወረደም። በዓመቱ ደግሞ ግራሚ አመጣላት።

ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ «ልጁ ማነው? ሌላዋስ ማናት?» ነበር። ስማቸውን እዚህ አላነሳም፣ አይጠቅመንም። ወሬ ሰውን አንድ ጊዜ ያስከፍታል እንጂ አሥር ጊዜ አያስደግምም። ያስደገመው፣ በእኔ ግምት፣ ያ ካርድ ነው።

ለእኛ አገር ሰው መንጃ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ የእንጀራ ወረቀት ነው። አሜሪካ ግን ከከተማ ወጣ ባለ ሰፈር የሚኖር ታዳጊ ታክሲ ተሳፍሮ የትም አይሄድም፤ ጓደኛው ቤት ለመድረስ እንኳ እናት ወይም አባት መንዳት አለባቸው። ልጅቷ ባደገችበት ካሊፎርኒያ ከ16 ዓመት ጀምሮ ገደብ ያለበት መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይቻላል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ልጅ ያሳደጋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፦ ልጁ ካርዱን ካገኘባት ቀን ጀምሮ የፈለገው ሰው ዘንድ በራሱ ይሄዳል። እንግዲህ ኦሊቪያ የያዘችው ነገር ይሄ ነው። መሄድ ሲፈቀድላት የምትሄድበት ሰው ጠፋ። ሐዘኑን «ልቤ ተሰበረ» እያለች ማስረዳት አላስፈለጋትም፣ ካርዱ ይናገርላታል።

ድምፁም እዚያው መኪና ውስጥ ያስገባናል። መጀመሪያ የሚሰማው የመኪና በር ሲከፈት የሚጮኸው «ጢን ጢን» ነው፤ እሱ ሳይቋረጥ ወደ ፒያኖ ይለወጣል። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ፒያኖና ድምፅ ብቻ፣ ልጅቷም ለራሷ የምታወራ ያህል ዝቅ ብላ ነው የምትዘፍነው። ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባል። ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ብሪጁ፣ ማለት ከአዝማቹ የሚለየው መሸጋገሪያ፣ ሲመጣ አንዱ ድምፅ ብዙ ድምፅ ይሆናል፣ በመስኮት የምታያቸው ነገሮች ሁሉ፣ መብራቱም መኪናውም ግቢውም፣ ልጁን ያስታውሷት ጀመር። እዚህ ቦታ ላይ ሳይዘፍን ዝም የሚል ሰው አላየሁም። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ቀልድ ዝግጅት «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የቀለደውም በዚሁ ነው፦ ፑል የሚጫወቱ ጎረምሶች «ይሄ የልጆች ዘፈን ነው» ሊሉ ሲሞክሩ ብሪጁ ላይ ሁሉም እኩል ይፈነዳሉ። ያ ቀልድ የተላለፈው ፌብሩዋሪ 20 ነበር፤ ልጅቷ 18 ዓመት የሞላት ቀን መሆኑ ነው።

የማልወደውም ክፍል አለ። ሌላዋን ሴት የምታነሳበት ቦታ ከመኪናው አውጥቶ ሐሜት ውስጥ ይጥለናል። ወሬኛ የተጫወተውም በዚያች ስንኝ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛን አልበም ሽፋን ስታነቡ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ይላል። ይልማ ገብረአብ የጻፈውን፣ አበበ መለሰ ዜማ የሰጠውን ሌላ ሰው ይዘፍነዋል፤ ድንቅ ሥራም ወጥቶበታል፣ በዚህ አልከራከርም። እዚህ ግን ግጥምና ዜማው የኦሊቪያና የዳን ኒግሮ ነው፣ ቅንብሩ የኒግሮ። ኒግሮ ልጅቷን ያገኛት ራሷ የጻፈችውን ሌላ ዘፈን ኢንስታግራም ላይ ስትዘፍን አይቶ መልእክት ልኮላት ነው። የ17 ዓመት ልጅ ስለ 17 ዓመት ልጅ ስትጽፍ ካርዱን ታስታውሳለች። ጎበዝ የሆነ የ50 ዓመት ገጣሚ ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ ስለ ጨረቃ ይጽፍላት ነበር።

ለእኔ ከዚያ ወዲህ ከሠራችው ሁሉ የሚበልጠው አሁንም ይሄ ነው። በአማርኛ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ዜማ አውጥቶ፣ በመጀመሪያ ነጠላ ዜማው ስለ መለያየት የዘፈነ ወጣት ካወቃችሁ ላኩልኝ፤ ሳምንት እሱን እናዳምጣለን። ጨረቃ ያለበትን ግን ተዉት።