ሣጥኗን ስለ ተወች ድመት

በአሸዋ ሣጥን መጸዳዳት የለመደች ድመት አንድ ቀን በምንጣፍ ላይ ብትሸና፥ የቤቱ ሰዎች ተንኰል ነው ብለው በትር ያነሣሉ። እኛ ግን ይህ ሳይመረመር የተሰጠ ፍርድ ነው እንላለን። ድመት ቂም ለመወጣት አትሸናም፤ ብዙ ጊዜ ወይ ታማለች፥ ወይ ሣጥኑን ተጸይፋለች። ብትመታም የምትማረው ከአልጋ በታች ተሸሽጋ መሽናትን ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ ሕመሟ ይመርመር። ይልቁንም ወንዱ ድመት ደጋግሞ እያማጠ ሽንት እንቢ ቢለው፥ መውጫው ተዘግቶ በ1 ወይም በ2 ቀን ሊሞት ይችላልና፥ ነገ ሳይባል ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ።

ሕመም ከሌለ ነገሩ ብዙ ጊዜ ከሣጥኑ ነው። በአሜሪካ አገር፥ በፈረንጅ ቍጥር በ1947 ኤድዋርድ ሎው የተባለ ሰው እርጥበት የሚመጥ ደረቅ ዐፈር ለድመት መሸጥ ከመጀመሩ በፊት፥ አመድና አሸዋ ይደረግላት ነበር። ዛሬም ቢኾን ደቃቅ አሸዋ ትወዳለች፤ ሽቶ የገባበትን ግን ትሸሻለች። ቆሻሻው በየቀኑ ይውጣ፤ ሣጥኑም ከምግቧ ይራቅ፤ 2 ድመቶች ባሉበት ቤት 3 ሣጥን ይኑር። የሸናችበት ስፍራ በአሞንያ አይታጠብ፤ ሽታው ሽንት እየመሰላት ትመለስበታለች። ይህ ኹሉ ተደርጎ እንቢ ያለችውን፥ ከንጹሕ ሣጥን ጋር በአንዲት ትንሽ ክፍል ጥቂት ቀን ማቈየት ብዙ ጊዜ ወደ ልማዷ ይመልሳታል።