በጉ ሳይታረድ ሥጋው ሲለካ

አርቢው በጉን አጥብቆ ይይዛል። ባለሙያው የመለኪያውን ጫፍ ታፋው ላይ አስደግፎ ቁጥሩን ይጠብቃል። አርቢው ግን ዓይኑ ከቁጥሩ ላይ ሳይሆን ከባለሙያው እጅ ላይ ነው፦ ቀለም ካነሳ በጉ ወድቋል።

የሰሜን ዌልስና የኩምብሪያ በግ አርቢዎች እንዲህ ያለውን ምርመራ ለዓመታት ኖረውበታል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986 የቼርኖቢል የኑክሌር ጣቢያ ፈነዳ፤ ከሳምንት በኋላ በብሪታንያ ተራሮች ላይ የጣለው ከባድ ዝናብ ጨረር አመንጪውን ሲዝየም 137 ይዞ ወረደ። በጁን ወር መንግሥት በጎቹ ከእርሻቸው እንዳይወጡና እንዳይታረዱ አገደ። እገዳው ሦስት ሳምንት ቢቆይ ነው ተባለ።

የሦስት ሳምንቱ ስሌት የተሠራው በሸክላ አፈር ነበር። ሸክላ ሲዝየምን አንዴ ከያዘው ለሥር አይለቅም። የተራራው አፈር ግን አሲዳማና በበሰበሰ ዕፅዋት የተሞላ በመሆኑ ሲዝየሙን አይይዘውም። ሣሩ ከፖታሲየም ሳይለየው ይመጠዋል፤ በጉ ይግጠዋል፤ በበጠጡ መልሶ ለአፈሩ ይሰጠዋል። የኩምብሪያ ሰዎች ደግሞ ጎረቤታቸውን የኑክሌር ተቋም ሴላፊልድን ጠረጠሩ። በ1957 እዚያው ቃጠሎ ደርሶ ነበርና አልፈርድባቸውም።

ሲዝየም የሚረጨው ጋማ ጨረር ሥጋና ቆዳ ጥሶ ይወጣል። መለኪያው ውስጥ ያለው ክሪስታል ጨረሩ ሲነካው ብልጭ ይላል፤ መሣሪያው ብልጭታውን ይቆጥራል። ወሰኑ በኪሎ 1,000 ቤክሬል ነበር፤ አንድ ቤክሬል ማለት በሰከንድ አንድ አቶም ሲፈራርስ ነው። ከወሰኑ ያለፈ በግ ቀለም ይቀባል፤ ተቀባ ማለት ግን ተወገደ ማለት አይደለም። ሲዝየም በሽንትና በበጠጥ ስለሚወጣ፣ በጉ ቆላ ወርዶ ንጹሕ ሣር ከጋጠ በሳምንታት ውስጥ መጠኑ በእጅጉ ይቀንሳል። የምርመራው ብልሃት ይኼ ነው። ለአርቢው የተቆረጠለት ካሣ ግን በአንድ በግ 1.30 ፓውንድ ነበር፤ መንጋውን ከተራራ ሰብስቦ ለሚያወርድ ሰው ከምንም አይቆጠርም።

ሲጀመር 9,800 ገደማ እርሻዎችንና ከ4 ሚሊዮን በላይ በጎችን የያዘው እገዳ፣ ሲያበቃ በሰሜን ዌልስ 334፣ በኩምብሪያ 8 እርሻዎች ብቻ ቀርተውት ነበር። የተነሳው ጁን 1 ቀን 2012 ነው። ሲዝየም 137 ግማሹ የሚፈራርሰው በ30 ዓመት በመሆኑ፣ ከወረደው ከግማሽ በላዩ በዚያን ዕለት ገና አልፈራረሰም ነበር። እገዳው የተነሳው ሲዝየሙ ስላለቀ ሳይሆን፣ በሥጋው በኩል ለተመጋቢው የሚደርሰው እጅግ ጥቂት መሆኑ ስለተረጋገጠ ነው።