በርበሬው ከተሰጣበት ሦስት ሜትር ላይ

ዛሬ ሀና ማርያም ለሥራ ግምት ሄጄ ያየሁትን ሳልጽፍ አላድርም። በቀለምና በፊኒሺንግ ሥራ 16 ዓመት ቆይቻለሁ፤ እንዲህ የደነገጥኩበት ቀን ግን ጥቂት ነው።

ቤተሰቡ በጥር ልጅ ይድራል፤ ቤቱ የሚታደሰው ለዚያ ነው። እስኪያልቅ ሌላ ቤት ተከራይቶ መውጣት ስለማይቻል ስድስት ሰው ሳሎን ውስጥ ተጠቃሎ ይኖራል። ፍራሽ፣ ፍሪጅ፣ ቁምሳጥን፣ ሁሉም አንድ ሸራ ሥር። በዚህ አልፈርድባቸውም፣ እኔም እንዲሁ ኖሬ አውቃለሁ። ግቢው ውስጥ ግን ሁለት ልጆች የድሮውን የብረት በርና መስኮት በግራይንደርና በብርጭቆ ወረቀት ደረቁን ይፍቃሉ። ቢጫና ቀይ ብናኙ አየሩን ሞልቶታል። ሦስት ሜትር እልፍ ብሎ የዓመቱ በርበሬ ተሰጥቷል። ደጃፉ ላይ ገና መዳህ የጀመረች ሕፃን እጇን አፏ ውስጥ ከታ ተቀምጣለች።

«እማማ፣ ልጅቷን ያስገቧት፣ በርበሬውንም ያስነሱት» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ቀለም እኮ ገና አልተቀባም። ሽታም የለው» አሉኝ።

በዚህች መልስ ነው ሰው የሚጎዳው። ስለዚህ በቁጥር ላስቀምጠው።

1. የሚሸተው ቲነሩ ነው። ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ መስኮት ሲከፈት ይወጣል። እርሳስ ግን ሽታ የለውም። የምንጽፍበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም፣ የዚያ ውስጡ ግራፋይት ነው። ሊድ የሚባለውን ከባድ ብረት ነው የምለው። በድሮ የዘይት ቀለም፣ በተለይ በደማቅ ቢጫ፣ በቀይና በአረንጓዴ፣ ከሥር በሚቀባው ቀዩ አንቲረስትም ውስጥ ይገኛል። ቀለሙን ያደምቃል፣ ቶሎ ያደርቃል፣ ዝገት ይከላከላል፤ የሚጨመረው ለዚህ ነው። በሩ ላይ ሳይላላጥ እስከተቀመጠ ድረስ ብዙም አያሰጋም። ጉዳቱ የሚመጣው ተፍቆ ዱቄት ሲሆን ነው።

2. ወተት አያወጣውም። ይህን በየሳይቱ ስናገር ደክሞኛል። አሠሪው ማስክ መግዛት ሲገባው ግማሽ ሊትር ወተት ያድላል፤ ሠራተኛው ጠጥቶ «ታጠበልኝ» ብሎ ይገባል፤ ልብሱ ላይ ያለውን ብናኝ ይዞ ልጁን ያቅፋል። የወሬው ሥር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም ጋር ያምታታዋል፣ አጥንት ውስጥም ያስቀምጠዋል፤ እዚያ ለዓመታት ይቆያል። ካልሲየምና አይረን ያልጎደለው ሰው ከሚውጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚገባው ያንሳል፤ ይህ እውነት ነው። ከገባ በኋላ ግን የትኛውም ወተት አጥቦ አያስወጣውም።

የዓለም ጤና ድርጅት «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል። ሕፃን ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚገባው ከአዋቂው አራትና አምስት እጥፍ ይሆናል። አንጎሉ ገና እያደገ ስለሆነ የሚደርስበት ጉዳት አይመለስም። ትኩሳት የለ፣ ሳል የለ። ትምህርት ቤት ገብቶ «ይህ ልጅ ለምን አይገባውም?» እስኪባል ድረስ ማንም ላያውቅ ይችላል። የተለመደው የደም ምርመራ የደም ማነሱን ቢያሳይ እንጂ እርሳሱን አያሳይም፤ ለእሱ የተለየ ምርመራ ያስፈልጋል። እና ወተት ነው መፍትሔው?

3. ደረቅ መጥረጊያ አታንሱ። የወደቀውን ብናኝ መልሳችሁ ወደ አየር እያነሳችሁት ነው። በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና ይወልወል፣ ጨርቁም ይጣል።

ከኮሮና የተረፈው ሰማያዊ ማስክ ይህን ብናኝ አይከለክልም። ቀለሙን በእሳት አቃጥሎ ማንሳትም ጭሱን መተንፈስ ነው፣ ከመፋቅ አይሻልም።

አሁን ስለ ሕጉ። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እርሳስ ያለበትን ቀለም የከለከለችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ በ2018 እ.ኤ.አ. በደንብ ቁጥር 429 ገደቡን ከሚሊዮን 90 እጅ አድርገናል። ጥሩ ደንብ ነው፣ ወጥቶ ባየሁ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በፊት ስለተቀባው በርና መስኮት ግን ማን ይጠይቃል? ለአንድ ደንበኛ የእድሳት ፈቃድ ላስጨርስ አንድ ጽሕፈት ቤት አራት ቀን ተመላልሻለሁ። ካርታ፣ ፕላን፣ የግብር ደረሰኝ ጠየቁኝ። «ሥራው ሲሠራ እዚያ ቤት ውስጥ ማን ይተኛል?» ያለኝ አንድ ሰው የለም። ሙያውን ስማርም ስለ ብሩሽ አያያዝ ሳምንት ሙሉ ተነግሮኛል፤ ስለ ብናኝ አንድ ቃል አልሰማሁም። ሁለቱ ልጆችም ያልተማሩትን ከየት ያምጡት? የምቆጣው በእነሱ አይደለም።

ቤት ውስጥ እየኖራችሁ የምታሳድሱ፦ የድሮው ቀለም ካልተላላጠ እስከ ብረቱ አትፋቁት። በሳሙና እጠቡት፣ እያራሳችሁ ለስለስ አድርጋችሁ አሹት፣ ከላዩ ቀቡ። የግድ ከተፋቀም ከሥሩ ላስቲክ ይነጠፍ፣ ውሃ በሚችለው ብርጭቆ ወረቀት እየረጠበ ይፋቅ፣ ግራይንደር አይግባ። የምትተኙበት ክፍል በር በላስቲክና በፕላስተር ይታሸግ። ሠፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው ትሉኛላችሁ፤ ለአንድ በር ግማሽ ባልዲ ይበቃል።

ከመውጣቴ በፊት ልጆቹ ባልዲ አምጥተው በእርጥብ ጀመሩ። የሕፃኗ እናት ልጇን አዝላ ላፍቶ እህቷ ጋ ሄደች፣ የበሩ ሥራ እስኪያልቅ እዚያ ትቆያለች። እማማ በርበሬውን እንዳያስፈጩት ነገርኳቸው። ታጥቦ ቢሆንስ አሉኝ። ከተሸበሸበው ቆዳ ውስጥ ዱቄቱ በሙሉ ይወጣል ብዬ ልምልልዎ አልችልም አልኳቸው። ለሰርጉ ድልህ የተገዛ በርበሬ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብለው ብዙ ዝም አሉ፣ ከዚያ ማዳበሪያ አምጡልኝ አሉ።