ሰይፍና ቋንጃ

በቻይና የኩንግ ፉ ደቀ መዝሙር ባላንጣ በሌለበት ብቻውን ቆሞ፣ እጁንና እግሩን በተወሰነ ሥርዓት እያንቀሳቀሰ የሚደጋግመው ፎርም፣ ሌላ ጥበብ የተማረ ተጋጣሚ በመጣበት ሰዓት ይበጀዋልን የሚለው ጥያቄ የሩቅ ምሥራቅ ጉዳይ ይመስላል እንጂ፣ ከመተማ ማዶ፣ ከገዳሪፍ እስከ ከሰላና እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩት የቤጃ ነገዶችና ዐረብ ጎረቤቶቻቸው በሰይፋቸው ሲመልሱት ኖረዋል።

በቤጃ ሠርግ፣ ባሰንኮብ የሚሉት ክራር ሲመታ፣ ጎልማሳው በግራው ክቡን የቆዳ ጋሻ፣ በቀኙ አንድ ሜትር የሚያህለውን፣ ቀጥ ያለውንና በሁለት ወገን የተሳለውን ሰይፍ ይዞ ወደ መካከል ይገባል። ይዘላል፤ ሲያርፍ ጉልበቱን ሰብሮ ከጋሻው ሥር ይሰበሰባል፤ ከዚያም የእጁን አንጓ ብቻ ሲነቀንቅ ስለቱ ከእጀታው እስከ ጫፉ እንደ ሸምበቆ ቅጠል ይርገበገባል። ብዙው ስለት ቀድሞ ከአውሮፓ፣ በተለይም በጀርመን አገር ካለችው ከዞሊንገን ይመጣ ነበር፤ በኋላ ግን የከሰላ ቀጥቃጮች ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ያወጡት ጀመር። የአቋቋም ተማሪ መቋሚያውን እያነሣና እየጣለ ዜማውን በአካላቱ እንደሚያጠና፣ ይህም ሰው ውጊያን በጭፈራ ያጠናል። ከዝላዩ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ያ ጎንበስ ማለት ነው፤ ምሥጢሩም በዱር ይገለጣል።

በ1854 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በሰቲት፣ ማለትም በእኛው በተከዜ ታችኛ ክፍል፣ ከሐምራን ዐረቦች ጋር ሲሰነብት፣ እነዚህ ሰዎች ስለትን በስለት መመከት ፈጽሞ እንደማያውቁ፣ መከላከያቸውም ጋሻ ብቻ እንደ ሆነ ታዘበ፤ ይህንንም ከድንቍርና ቈጠረው። ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች ዝሆንን በሰይፍ የሚጥሉ ነበሩ፤ አንዱ ፈረሰኛ ዝሆኑን አስቆጥቶ ከፊት እየሸሸ ሲያስከትለው፣ ሌላው ከኋላ ጋልቦ ይደርስና በሩጫ ላይ ከፈረሱ ዘሎ ይወርዳል፤ እጀታውንና ከመስቀለኛው የእጅ መከለያ በላይ በገመድ የተጠመጠመውን የስለቱን ክፍል በሁለት እጁ ጨብጦም፣ የዝሆኑን የኋላ እግር ቋንጃ በአንድ ምት ይበጥሰዋል። ጥበባቸው ለዚህ የተበጀ ነበርና፣ ቤከር ጎደላቸው ያለው ነገር ከመጀመሪያውም አላስፈለጋቸውም።

ይኸው ምት በየካቲት 1876 ዓ.ም. በቀይ ባሕር አጠገብ፣ በኤል ቴብ፣ ሌላ ጠላት ገጠመው። የመሐዲስቶቹ የጦር አለቃ የዑስማን ዲግና የቤጃ ጭፍሮች የእንግሊዝ ፈረሰኞች ሲጋልቡባቸው በቍጥቋጦው መካከል ተኙ፤ ከኮርቻ ላይ የሚሰነዘረው ጎራዴ የተኛውን ሰው መድረስ ሲያቅተው፣ እነርሱ ከታች ሆነው የፈረሱን ቋንጃ ይቆርጡ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ በታማይ ከሸለቆ ብቅ አሉ፤ በሳንጃ በታጠረው አራት ማዕዘን ሰልፍ ላይ ክፍተት ሲያገኙም ሰብረው ገቡ። ሆኖም በሁለቱም ቀን ድሉ የጠመንጃ ሆነ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ጎልማሶችም በዚያ አሸዋ ላይ ቀሩ።

ከእኛ ሰዎች ጋር በመስከረም 1878 ዓ.ም. በዛሬዋ ኤርትራ፣ በኩፊት፣ ሲገናኙ፣ ራስ አሉላ ድል አደረጓቸው። የእኛ ሾተል የተቈለመመው ከጋሻ ጀርባ ያለውን ሰው እንዲደርስ ነውና፣ እምነቱን ሁሉ በጋሻው ላይ ለጣለ ሰው ከእርሱ የከፋ ባላንጣ የለም እላለሁ፤ የኩፊት ውጊያ ግን የስለት ብቻ ሳይሆን የጠመንጃም ነበር።

ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ዛሬም በሠርጉ መካከል ጎልማሳው ከጋሻው ሥር ሲሰበሰብ፣ ዐይኑ ከፈረስ ሆድ በማይበልጥ ቁመት ላይ ይሆናል፤ ሴቶቹም እልል ይሉለታል።