ተጨማሪ መረጃ፦ አንድ ሒሳብ፣ ብዙ ተጠቃሚ

አዲስ አበባ ውስጥ ወሰን በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ሱፐርማርኬት በሞባይል ገንዘብ ክፍያ ይቀበላል እንበል። ሒሳቡ የድርጅቱ ነው፤ የገንዘብ ያዥዋ አይደለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ መግቢያ ይከፈትለታል። ገንዘብ ያዥዋ ክፍያ መግባቱን ታያለች፤ ወደ ባንክ የማዛወር ሥልጣን ግን የባለቤቱ ብቻ ነው። ለአሠራር ይቀላል ተብሎ አንዱ የይለፍ ቃል ለሁሉም ከታደለ፣ ብር በጎደለ ቀን ማን እንደነካው የሚናገር መዝገብ አይኖርም።

ይህን የሥልጣን ክፍፍል ኮምፒውተር አላመጣውም። በወረቀት የክፍያ ማዘዣ ግርጌ «ያዘጋጀው»፣ «ያረጋገጠው»፣ «ያጸደቀው» የሚሉ የፊርማ ቦታዎች የቆዩ ናቸው፤ ሶፍትዌሩ የተጠቃሚ ሚና የሚለው እነዚህኑ ነው።

ገደብ ያለበት የተጠቃሚው ሥልጣን ብቻ አይደለም፤ የከፋዩ ደንበኛ ሒሳብም ጣሪያ አለው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የደንበኞችን የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ በሦስት ደረጃ ከፍሎ ነበር፤ በአንደኛው ደረጃ ቢበዛ 5,000 ብር፣ በሦስተኛው 30,000 ብር ማስቀመጥ ይቻል ነበር። ደረጃውን የሚወስነው ደንበኛው ስለ ማንነቱ ያቀረበው ማስረጃ ነበር።